የአስታማሚ ደብተር፦ የልብ ድካም ታማሚን የደም ውጤት ከድንገተኛ ክፍል እስከ ቤት መከታተል

ያን ሌሊት ከቱሉ ዲምቱ እስከ ድንገተኛ ክፍሉ በር ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቶብናል። አባዬ መኪናው ውስጥ ጋደም ማለት አልቻለም። ጋደም ሲል ትንፋሹ ይቆረጣል። የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ቁጭ ብሎ ደረስን። የተቀበለችን ሲስተር መጀመሪያ የጠየቀችን "የቀድሞ የላቦራቶሪ ውጤት ይዛችኋል?" ብላ ነው። አልያዝንም። ከአራት ወር በፊት ተኝቶ ሲወጣ ከተሰጡን ወረቀቶች ግማሹ ጠፍቷል። የቀረው መስኮት ሥር ተቀምጦ ጽሑፉ በፀሐይ ነጥቷል።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የሰው ውጤት ስመዘግብ ነው የምውለው። የአባቴን ግን አልመዘገብኩም ነበር። ዶክተሩ "ኩላሊቱ ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ አሁን ነው የተጎዳው?" ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። በማግስቱ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛሁ። ይህ መመሪያ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

የጻፍኩት ለአስታማሚዎች ነው። በተለይ በገላን፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ ለምትኖሩ። አንዱ ክሊኒክ ደም ይቀዳል፣ ሌላው ላቦራቶሪ ይመረምራል፣ ሦስተኛው ሆስፒታል ያስተኛል። ወረቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታመላልሱት እናንተ ናችሁ። መድኃኒት ራሳችሁ እንድትቀንሱ ወይም እንድትጨምሩ አይደለም የምነግራችሁ። ሐኪሙ ቶሎና በትክክል እንዲወስን የሚያስፈልገውን ነገር እጃችሁ ላይ እንዲኖር ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ

በሬዲዮና በቴሌቪዥን "በልብ ድካም ሞተ" ሲባል ብዙ ጊዜ የልብ የደም ሥር በድንገት ተዘጋ ማለታቸው ነው። ያ ሌላ በሽታ ነው። እዚህ የማወራው ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም መርጨት ሲያቅተው ስለሚመጣው ነው። እግር ያብጣል። ደረጃ መውጣት ይከብዳል። ሌሊት ትንፋሽ አጥሮ ያስነሳል፣ ትራስ መደራረብ ይጀመራል። መነሻው ለዓመታት ያልታከመ ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። በልጅነት የተያዙበት የጉሮሮ ህመም ያበላሸው የልብ ቫልቭም ሊሆን ይችላል። ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚመጣም አለ።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ ሀገራት 1,006 ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 52 ገደማ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ከ100 ሰው ወደ 18 የሚሆኑት አርፈዋል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ በሽታ የሚተኛ ሰው በአማካይ ከ70 ዓመት በላይ ነው። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ከታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች አብዛኞቹ የወጡት በዚያ በዕድሜ በገፋ ሕዝብ ላይ ተጠንቶ ነው። ቁጥሩ ወደ ክፉው ወገን ሲሄድ አደጋ ይጨምራል፣ ሲመለስ ይቀንሳል የሚለው ለእኛም ይሠራል። በመቶኛ የተነገረውን ግን አንስታችሁ እናታችሁ ላይ አትለጥፉት።

ደረጃ 1፦ ደብተሩን አዘጋጁ

አንድ ገጽ ወደ ጎን አዙሩና አስምሩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ክብደት፣ ደም ግፊት፣ ዩሪያና ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራዎች ናቸው)፣ ሶዲየምና ፖታሲየም (በደም ውስጥ ያሉ ጨዎች)፣ ሄሞግሎቢን፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ (ደረጃ 3 ላይ የማስረዳው የልብ ምርመራ)። መጨረሻ ላይ ሰፋ ያለ አምድ ተዉ፤ የተቀየረ መድኃኒት የሚጻፍበት ነው። ይኼ አምድ ከሌለ ቁጥሮቹ ዲዳ ናቸው። ፖታሲየም ለምን ወጣ? ከአምስት ቀን በፊት ስፓይሮኖላክቶን የሚባለው ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ተጀምሯል። ይህን የሚያሳየው ይህ አምድ ብቻ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ቀን ነው። ማሽኑ የሚያትመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እኛ ቤት የምንጽፈው በኢትዮጵያ። ሰዓቱም እንደዚያው። ወረቀቱ 14:20 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ማለት ነው። አንድ ጊዜ የጠዋትና የማታ ውጤት ተገላብጦብኝ የተሻለው ሰው የባሰበት መስሎኝ ያውቃል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ጻፉ።

ሁለተኛው የመለኪያ አሃድ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ በወረቀቱ ላይ ያለውን አሃድ እንዳለ ገልብጡት። ክሪያቲኒን 1 በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የሚጽፍ ላቦራቶሪ አለ። ሌላው ይህንኑ 88 በማይክሮ ሞል በሊትር ይጽፈዋል። ኩላሊቱ ያው ነው። አሃዱን ያላየ ቤተሰብ ግን ይደነግጣል።

ከማሽን በቀጥታ የሚወጣው አብረቅራቂ ትንሽ ወረቀት በሙቀትና በብርሃን ይነጣል። እንደተቀበላችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ቀን፣ ርካሾቹን ምርመራዎች አትናቁ

ብዙ ሰው "ለልብ የሚሆን ልዩ የደም ምርመራ አለ አሉ፣ የት ነው የሚሠራው?" ብሎ ይጠይቀኛል። አለ፣ እመጣበታለሁ። ግን ከእሱ በፊት እጃችሁ ላይ ያለው የኩላሊት ምርመራ ምን ያህል እንደሚናገር ላሳያችሁ።

በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በልብ ድካም የተኙ ሰዎችን ከ65,000 በላይ መዝገብ አገላበጠ። ጥያቄው "ሆስፒታል ውስጥ ሳለ የሚሞተው ማን ነው?" የሚል ነበር። ብዙ ነገር ከመረመሩ በኋላ ታማሚዎቹን ከሁሉ በላይ የለዩላቸው ሦስት ነገሮች ሆኑ። ቢዩኤን የሚባለው የዩሪያ ናይትሮጅን 43 እና ከዚያ በላይ መሆኑ፣ የላይኛው ደም ግፊት ከ115 በታች መሆኑ፣ ክሪያቲኒን 2.75 እና ከዚያ በላይ መሆኑ (ሁለቱ የደም ቁጥሮች በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው)። ቢዩኤኑ ከ43 በታች፣ ግፊቱ ከ115 ያላነሰ ሰው ሆስፒታል ውስጥ የመሞት ዕድሉ 2 በመቶ ገደማ ነበር። ሦስቱም የተገናኙበት ሰው ግን ወደ 22 በመቶ። አሥር እጥፍ ልዩነት በሁለት ርካሽ የደም ምርመራና በአንድ የግፊት መለኪያ!

የልብን ነገር ኩላሊት እንዴት ይናገራል? ልብ ሲደክም መጀመሪያ ደም የሚያንሰው ኩላሊት ነው። ደም ያነሰው ኩላሊት ሰውነት የተጠማ ይመስለዋል። ውሃና ጨው ይይዛል፣ ከውሃው ጋር ዩሪያውንም መልሶ ይስባል። ስለዚህ የዩሪያው መውጣት ልብ ምን ያህል እንደተጨነቀ የሚመሰክር ነው።

አሁን ተጠንቀቁ። ዩሪያና ቢዩኤን አንድ አይደሉም። አንዳንዱ ላቦራቶሪ ዩሪያ ይጽፋል፣ ሌላው ቢዩኤን። ሁለቱም በሚሊ ግራም ከሆኑ ዩሪያውን ለ2.14 ስታካፍሉት ቢዩኤኑን ታገኛላችሁ። ወረቀቱ "ዩሪያ 60" ካለ ቢዩኤኑ 28 ነው። 43ን አላለፈም። "60 ነው፣ አለቀልን" ብለው ሲያለቅሱ ያገኘኋቸው እህትማማቾች ነበሩ። የቸገራቸው የማካፈል ነገር ብቻ ነበር። ወረቀቱ በሚሊ ሞል ከጻፈው ደግሞ ያ 43 የሚባለው ድንበር 15 ገደማ ሆኖ ይመጣል።

ቀጥሎ ሶዲየም። ከ135 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ሰውነት ከልክ በላይ ውሃ ይዞ ደሙን አቅጥኖታል ማለት ነው። በልብ ድካም ታማሚ ላይ ጥሩ ምልክት አይደለም፣ ክትትሉ ጠበቅ ማለት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። "ሶዲየሙ አንሷል" ሲባሉ ሾርባው ላይ ጨው የጨመሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ከፍቅር ነው የሚያደርጉት። ጨው ግን ሌላ ውሃ ይጎትታል፣ እብጠቱን ያብሳል። ጨው አትጨምሩ። ውሃ በቀን ስንት ይጠጣ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ፖታሲየም ላይ ትንሽ ልቆይ። ውሃ የሚያስወጣው ላዚክስ ያወርደዋል። ስፓይሮኖላክቶንና የግፊትና የልብ መድኃኒት የሆነው ኢናላፕሪል ያወጡታል። በጣም ቢወርድም በጣም ቢወጣም የልብ ምት ይዛባል። ከ5.5 በላይ ከሆነ ሐኪም በዚያው ቀን ማወቅ አለበት፣ ከ6 በላይ ከሆነ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ነገር ግን ፖታሲየም በውሸት ከሚወጡት ውጤቶች አንደኛው ነው። ቀይ የደም ሴል ውስጡ በፖታሲየም የተሞላ ነው። ሴሉ ከፈነዳ ይፈስሳል።

በአባዬ ላይ ደርሶብናል። ከቤት አጠገብ ባለ አንድ ክሊኒክ ጠዋት ደም ተቀዳ። ናሙናው ወደ ከተማ የሚሄደው በሞተር ነው። እኛ ያላወቅነው ሴሉ ከፈሳሹ ሳይለይ እስከ ከሰዓት እዚያው መቆየቱን ነው። ውጤቱ 6.4 መጣ። ቤቱ ተረበሸ። ድንገተኛ ክፍል ይዘነው ሮጥን፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳ፣ እንደገና ተቀዳ፣ 4.7 ሆነ። በኋላ የመጀመሪያውን ቱቦ አሳዩኝ። ደሙ ከረጋ በኋላ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ የገለባ ቀለም ሊኖረው ይገባል። የእሱ እንደ ቀይ ሻይ ነበር። ደም ስታስቀዱ "ናሙናው እዚሁ ነው የሚሠራው ወይስ ይላካል? ስንት ሰዓት ይወጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚላክ ከሆነ ናሙናውን የሚወስደው ሞተር ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብላችሁ አስቀዱ። ያልጠበቃችሁት ትልቅ ፖታሲየም ሲመጣም "ምናልባት ስህተት ነው" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ሄዳችሁ አስደግሙት።

ደረጃ 3፦ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ

ልዩ የተባለው ምርመራ ይህ ነው። የልብ ግድግዳ በውሃና በግፊት ብዛት ሲለጠጥ የጡንቻው ሴሎች አንድ ሆርሞን ይለቃሉ። ለራሱ እርዳታ መጥራቱ ነው። ሆርሞኑ ደም ሥርን ያሰፋል፣ ኩላሊትን "ጨውና ውሃ አውጣ" ይላል። ሲለቀቅ ለሁለት ይሰነጠቃል። የሚሠራው ቁራጭ ቢኤንፒ ነው፣ ሌላው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ። ቢኤንፒ የሚለው ስም የመጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ጃፓኖች መጀመሪያ ያገኙት በአሳማ አንጎል ውስጥ በመሆኑ ነው። ዋናው ምንጩ ልብ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው፣ ስሙ ግን ከአንጎል ጋር ቀረ።

ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም። በማንኛውም ሰዓት ይቀዳል።

ድንገት ትንፋሽ አጥሮት ለመጣ ሰው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ከ300 በታች ከሆነ፣ የትንፋሹ መንስኤ የልብ ድካም የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ለቢኤንፒ ድንበሩ 100 ነው። የልብ ድካም ነው ለማለት የሚያግዘው ቁጥር ደግሞ በዕድሜ ይለያያል። ከ50 ዓመት በታች ለሆነ ከ450 በላይ፣ ከ50 እስከ 75 ከ900 በላይ፣ ከ75 በላይ ለሆነ ከ1,800 በላይ። ሁሉም በፒኮግራም በሚሊ ሊትር ነው። በናኖግራም በሊትር የሚጽፍ ካጋጠማችሁ አትቸገሩ፣ ቁጥሩ ያው ነው።

እንዳትሸወዱባቸው የምላቸው አሉ፦

ወፍራም ሰው ላይ ቁጥሩ ከሚጠበቀው ዝቅ ይላል። ስለዚህ "400 ብቻ ነው" ተብሎ አይታለፍም። የኩላሊት ህመም ያለበት፣ በዕድሜ የገፋ ወይም ልቡ በተዛባ ምት የሚመታ ሰው ላይ ደግሞ ከፍ ይላል። በልብ የላይኛውና የታችኛው ግራ ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ የጠበበበት ሰው ሌላ ነው። እኛ ሀገር ወጣት ሴቶች ላይ ብዙ የሚታይ ነው። የታችኛው ክፍል ያን ያህል ሳይለጠጥ ሳንባው በውሃ ሊሞላ ይችላል። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሰውየው በጣም ሊታመም ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ከደሙ በላይ ኢኮው (የልብ አልትራሳውንድ) ነው የሚናገረው።

ቢኤንፒና ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒን አታወዳድሩ። ሲገባ አንዱ፣ ሲወጣ ሌላው ከተሠራ ገንዘባችሁ ባክኗል። ሳኩቢትሪል-ቫልሳርታን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ቢኤንፒ በመድኃኒቱ ምክንያት ከፍ ስለሚል ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ይሻላል። የተቻለ እንደሆነ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ላቦራቶሪ አሠሩት።

ይህ ምርመራ በየሆስፒታሉ አይገኝም፣ ዋጋውም ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። "አንድ ጊዜ ብቻ ነው አቅማችን፣ መቼ እናሠራ?" ብትሉኝ የኔ መልስ ይህ ነው። በሽታው ገና ካልታወቀ፣ ሳንባ ይሁን ልብ እየተጠየቀ ከሆነ፣ ሲገባ። የልብ ድካም መሆኑ ከታወቀ ግን ገንዘቡን ለመውጫው ቀን አቆዩት። ወደፊት የሚሆነውን ይበልጥ የሚጠቁመው ሲወጣ ያለው ቁጥር ነው። በየቀኑ ማሠራት ደግሞ አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ ትሮፖኒን

ይህን አጠር ላድርገው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ የሚፈስ ፕሮቲን ነው። "ፖዘቲቭ ነው" ሲባል የደም ሥር ተዘግቷል ማለት ላይሆን ይችላል። የተጨናነቀ ልብም ያፈሰዋል። ያም ሆኖ ትርጉም አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በልብ ድካም ተኝተው ትሮፖኒናቸው ፖዘቲቭ ከሆነው 8 በመቶው ሆስፒታል ውስጥ ሞተዋል። ኔጌቲቭ ከሆነው 2.7 በመቶ። ሐኪሙ ከኢሲጂው ጋር አያይዞ ነው የሚያየው። የእናንተ ሥራ ውጤቱንና ሰዓቱን መጻፍ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከተደገመም ሁለተኛውን።

ደረጃ 5፦ ዋርድ ውስጥ

ጠዋት ከራውንድ በፊት ደብተሩን ክፈቱ። ዶክተሮቹ አልጋው አጠገብ የሚቆዩት ለአጭር ጊዜ ነው። እኔ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ አዘጋጅ ነበር። "ዶክተር፣ ክሪያቲኒኑ ትናንት 1.2 ነበር፣ ዛሬ 1.5 ሆኗል። ሽንቱ ግን ጥሩ ነው፣ እግሩም እየሟሸሸ ነው። እንዴት ያዩታል?" እንዲህ ስትጠይቁ ቆም ብለው ያስረዳሉ።

ጥያቄው ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ላዚክስ በመርፌ ሲሰጥና ውሃው ሲወጣ ክሪያቲኒን ትንሽ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። ትንፋሹ እየተሻለ፣ ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ብዙ ጊዜ ክፉ ምልክት አይደለም። ክሪያቲኒን እየወጣ፣ ሽንት እየቀነሰ፣ እብጠቱም እንዳለ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ግፊቱም አብሮ ከወረደ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ ጠዋትን አትጠብቁ፣ ለሲስተሯ በዚያው ሰዓት ንገሩ። አስታማሚ "ረበሽኩ" ብሎ መፍራት የለበትም። እናንተ ሃያ አራት ሰዓት አጠገቡ ናችሁ፣ እሷ ስንት አልጋ አለባት።

ክብደት በየጠዋቱ ይመዘን። ሽንት ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ሚዛን።

ደረጃ 6፦ ከሲቢሲው ጀርባ ያለው

ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ሁሉም ቦታ ይሠራል። ሰው ግን ነጭ ሴሉን አይቶ ይመልሰዋል። ሁለት መስመር ተመልከቱ።

ሄሞግሎቢን አንዱ ነው። ደም ማነስ የደከመ ልብን እጥፍ ያሠራዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የሚኖር ጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢኑ ቆላ ካለው ሰው ከፍ ይላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ኖርማል" የሚለው የታችኛው ድንበር ላይ ያረፈች ሴት እንጦጦ ሥር ወይም ሱሉልታ የምትኖር ከሆነ እውነት ደም አላነሳትም ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌላው አርዲደብሊው የሚባለው ነው። ቀይ ሴሎቹ በመጠን ምን ያህል እንደተዘበራረቁ ይለካል። ሲቢሲው ላይ በነጻ ይመጣል። ከፍ ማለቱ በልብ ድካም ታማሚዎች ላይ ከከፋ ውጤት ጋር እንደሚሄድ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ራሱን የሚያክም መድኃኒት የለውም። ከፍ ካለ ግን የብረት እጥረት ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ከ100 በታች ከሆነ በልብ ድካም ታማሚ ላይ እጥረት ተብሎ ይወሰዳል። ይህ ድንበር ለሌላው ሰው ከሚሠራበት ከፍ ያለ ስለሆነ ወረቀቱ "ኖርማል" ሊለው ይችላል። የልብ የመርጨት አቅሙ ለቀነሰና ብረት ላነሰው ሰው በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ይጠቅማል። የሚዋጠው ኪኒን ለእነዚህ ታማሚዎች ያን ያህል አልሠራም።

ኤስቲ2፣ ጋሌክቲን-3 የሚባሉ አዳዲስ ምርመራዎችም አሉ። ኢንተርኔት ላይ አንብባችሁ ናሙና ወደ ውጭ ለማስላክ የምትጨነቁ ካላችሁ ተዉት። ያ ገንዘብ ለመድኃኒትና ለክትትል ቢውል እመርጣለሁ።

ደረጃ 7፦ የመውጫው ቀን ስሌት

አባዬ ለሁለተኛ ጊዜ ተኝቶ ሊወጣ ሲል ይህን አብረን አሠላን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ካልኩሌተር።

ሲገባ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒው 8,400 ነበር። ሊወጣ ሲል 5,460። ልዩነቱ 2,940። 2,940 ሲካፈል ለ8,400፣ ሲባዛ በ100፣ 35 በመቶ። ቁጥሩ አሁንም ትልቅ ነው። እናቴ "አምስት ሺህ? ይኼ ነው መሻል?" አለች። ግን 30 በመቶና ከዚያ በላይ የወረደላቸው ሰዎች ከወጡ በኋላ የተሻለ ዕድል አላቸው። 8,400 ገብቶ 7,600 ላይ የሚወጣ ሰው ቢሆን ቅናሹ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። የእግሩ እብጠት ጎድሎ ቢታይም ውስጡ ገና ውሃ ሊኖር ይችላል። ያኔ "ዶክተር፣ አሁን መውጣቱ ይሻላል ወይስ ጥቂት ቀን ቢቆይ?" ብሎ መጠየቅ ነው።

ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ካልተሠራስ? ሌሎቹን ተመልከቱ። ክብደቱ ስንት ኪሎ ቀነሰ? ትራስ ሳይደራርብ ተኝቶ አደረ? ኮሪደሩን ሄዶ ሲመለስ ትንፋሹ እንዴት ነው? ሶዲየሙ ወደ 135 ተጠግቷል? ዩሪያው እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ? ይህን ሁሉ ደብተሩ ይዞታል።

ከመውጣታችሁ በፊት የመጨረሻውን ክሪያቲኒን፣ ፖታሲየምና ሶዲየም፣ እንዲሁም የሚወጣበትን ክብደት በትልቁ ጻፉና አክብቡት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውጤት ሁሉ የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው።

ደረጃ 8፦ ቤት ከገባችሁ በኋላ ያሉት ሳምንታት

አባዬ መጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ የተሰጠን ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነበር። እኛም "ከወጣማ ተሽሎታል" ብለን አረፍን። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ከሆስፒታል የወጣ የልብ ድካም ታማሚ በጣም የሚሰጋለት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የአፍሪካ ሀገራትም የተሳተፉበት ጥናት ታማሚዎችን ከወጡ በኋላ በ1፣ በ2፣ በ3 እና በ6 ሳምንት እየጠራ መድኃኒታቸውን ቶሎ ከፍ አደረገ፣ ደማቸውንም መረመረ። በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት ወይም በልብ ድካም ተመልሰው የተኙት 15 በመቶ ገደማ ሆኑ። በተለመደው አሠራር የተከታተሉት ግን 23 በመቶ።

ስለዚህ ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚታይበትን መንገድ ፈልጉ። ትልቁ ሆስፒታል ባይመች በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ግፊቱን ይለካል፣ ክብደቱን ይመዝናል። ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይደገሙ። ስፓይሮኖላክቶን ወይም ኢናላፕሪል በተጀመረ ወይም መጠኑ በተቀየረ ቁጥርም እንደዚሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ሪፈር ወረቀቱን ቀድማችሁ አውጡ፣ የመድን መታወቂያው እንዳያልፍበት እዩ።

ውጤቱን የሚያበላሹ የቤት ነገሮች አሉ። ለወገብና ለጉልበት ህመም ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አንዱ ነው። ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ውሃ ያስይዛል፣ ፖታሲየም ያወጣል። የአባዬን የመጀመሪያ ክሪያቲኒን ከፍ ያደረገው ለጉልበቱ በተከታታይ የተወጋው ዳይክሎፌናክ ሳይሆን አልቀረም። ቅመም ላይ የሚጨመረው የሾርባ ኩብ ጨው ነው። "ሶዲየም የሌለው" ተብሎ የሚሸጥ ጨው ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ነው፣ ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው።

ጾምና ጠበልን ደግሞ በአክብሮት ላንሳ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ላዚክሱን ጠዋት ውጦ ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ ግፊቱ ሊወርድ፣ ዩሪያው ሊወጣ ይችላል። ረመዳን የሚጾምም እንዲሁ። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት ይሁን፣ መጾሙስ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን አማክሩ፤ የንስሐ አባትም ሆነ ኢማም ታማሚን አያስጨንቁም። ጠበል የሚጠጣ ከሆነ በቀን ከተፈቀደለት ፈሳሽ ውስጥ ይቆጠር፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ።

የደም ውጤት የማይጠበቅበት ጊዜ

በሦስት ቀን ውስጥ ክብደቱ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ፣ ትራስ መጨመር ከጀመረ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ አረፋ ያለው አክታ ካስተፋው፣ ደረቱን ከያዘው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ግራ ከተጋባ ላቦራቶሪ አትሂዱ። አስቀምጡት እንጂ አታስተኙት፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዳር አካባቢ ስትደውሉ የኮንዶሚኒየሙን ብሎክ ቁጥርና ከዋናው መንገድ የሚታይ ምልክት ንገሩ፣ አንድ ሰው ወርዶ መንገድ ላይ ይጠብቅ።

ደብተሩ የቁም ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ። የእኛ በሩ ጀርባ፣ የአባዬ ጋቢ የሚሰቀልበት ሚስማር ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል።